ጣሳዋን ያወረድኩ ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ገብቻለሁ። አውሮፕላኑ ላይ እግሬ ትንሽ አብጦ ነበር፣ አሁን ወርዷል። ሻንጣዬም ሙሉ ነው የደረሰው፤ ቸኮሌቱ ብቻ ቀልጦ ከሹራቡ ጋር ተጣብቋል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንተ ትስቃለህ፣ እኔም አብሬህ እስቅና ነገሩ ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ስለዚያች አርብ ማታ ነው። ሲያትል፣ ባላርድ ሰፈር፣ ያ ቢራውን እዚያው ጠምቆ የሚሸጠው ቤት።

«እማዬ፣ ዛሬ መጠጥ ቤት እወስድሻለሁ» ስትለኝ ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት ብዬ ነበር። ነጠላዬን እንኳ ላድርግ አላድርግ ግራ ገብቶኝ ነው የወጣሁት። በሩ ላይ ደግሞ ያ ፂማም ልጅ መታወቂያ ጠየቀኝ። እኔን! የ67 ዓመት ሴትዮ! ፓስፖርቴን ገልጦ በደንብ አይቶ ነው የመለሰልኝ። ለማኅበር ጓደኞቼ እየነገርኩ እያሳቅኳቸው ነው፤ አሜሪካ ከ21 ዓመት በታች መስያቸው ነበር እላለሁ።

ስገባ ያሰብኩትን አላገኘሁም። ሕፃናት ወለሉ ላይ ሥዕል ይቀባሉ። አንድ ትልቅ ውሻ ጠረጴዛ ሥር ተዘርግቶ ያንኮራፋል። አንድ ሽማግሌ ለብቻው መጽሐፍ ያነባል፤ ማንም ምን ሆነህ ነው የሚለው የለም። ረጅሙ አግዳሚ ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልን። የምትቀዳው ልጅ ገና ከሩቅ ስታይህ በስምህ ጠራችህ። ያኔ ነው ሆዴ ቡጭ ያለው። አንተ የገረመኝ መስሎህ ነበር። አልገረመኝም፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። የት እንደማውቀው ኋላ እነግርሃለሁ።

እነዚያን አምስት ትናንሽ ብርጭቆዎች በእንጨት ላይ ደርድረህ ስታመጣ ደግሞ ሳቄ መጣ። ቅምሻ ነው አልከኝ። አንዱ ደፍርሶ እንደ ማንጎ ጭማቂ ነው፣ «ይሄን ሆን ብለው ነው ሳያጠሉ የሚተዉት፣ ፋሽን ነው» አልከኝ። ልጄ፣ እሱ እኮ ጉሽ ነው! እኛ ጋ ጉሽ የሚቀዳለት ጠላው እስኪጠል መታገሥ ላቃተው ሰው ነው፤ እነሱ ስምንት ዶላር ያስከፍሉበታል። አይ ፒ ኤ ያልከኝ ደግሞ ጌሾ እንደበዛበት ጠላ ምላስ ይይዛል። እሱን ወድጄዋለሁ። ጥቁሩን ግን አልረሳብህም። ሁለት ጊዜ ከተጎነጨሁለት በኋላ ነው «ሚልክ ስታውት ነው፣ የወተት ስኳር ይገባበታል» ያልከኝ። አርብ ቀን! ቢራ ይፈስካል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ፒዛውን በአይቡ ምክንያት ትቼ ድንች ጥብስ ስበላ ያመሸሁት ሴትዮ ዝም ብዬ ተቃጠልኩ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሳቁ።

ከዚያ ጠማቂው ወጣ። የጎማ ቦት ጫማውን እንደተጫማ፣ እጁ እርጥብ፣ ሸሚዙ ላይ ብቅል የተረጨበት። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሰላም አለው። አንድ አባት ልጁን አቅፎ «ቢራውን የሚሠራው እሱ ነው» ብሎ በጣቱ ሲያሳየው አየሁ። ይሄ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

«እናቴ መጥመቅ ታውቃለች» ብለህ ስትነግረው ወደ ጓዳ ወሰደን። የብረት ጋኖቹ እንደ መስታወት ያበራሉ። ሽታው ግን የበሶ ነው፣ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ በሶ። ብቅሉን ፈጭተው፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ጭማቂውን ሆፕስ ከሚሉት ከነሱ ጌሾ ጋር ያፈሉታል። የተረፈውን ገለባ በርሜል ሞልተው ለከብት አርቢ ይሰጣሉ አለህ። «አተላ!» ብዬ የጮህኩት ለዚህ ነው። እኛም ሰፈር ላም ያላቸው ሰዎች ባልዲ ይዘው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆሙ ነበር።

የኛን አሠራር ስነግረው አንተ ላብ በላብ ሆንክ። ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ እንኩሮ፣ አሻሮ። እንዴት አድርገህ እንደተረጎምከው እንጃ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል ስለው ዓይኑ ፈጠጠ። እርሾ ከየት ትገዛላችሁ ሲል አንገዛም አልኩት፤ ከብቅሉና ከጌሾው ጋር ራሱ ይመጣል። እሱም ሆፕሱ እዚያው ስቴት ውስጥ ከያኪማ ሸለቆ እንደሚመጣ ነገረን። አንተም መኪና ውስጥ የአሜሪካንን ታሪክ ጨመርክልኝ። ከ1920 እስከ 1933 በነሱ አቆጣጠር መጠጥ በመላ አገሩ ታግዶ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ቤት በርት ግራንት የሚባል ሰው እዚያው ያኪማ በ1982 እንደከፈተ። በኛ 1974 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። አያትህ 16 ዓመት ትቀድመዋለች።

አዎ፣ አያትህ።

ጠማቂው ከማን ተማሩ ብሎ ሲያስጠይቀኝ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ? «ከጎረቤት ነው፣ ለበዓል ሲጠምቁ አይቼ» አልኩ። አንተም በቅን ልብ ተረጎምክለት። ውሸት ነው። አንተን ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ አያትህ ነጋዴ ነበረች ስልህ ኖሬያለሁ። ነጋዴስ ነበረች። ምን እንደምትሸጥ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

አያትህ ጠላ ሻጭ ነበረች። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ በ1958፣ ሽሮ ሜዳ በተከራየናት አንድ ክፍል ጠላ ቤት ከፈተች። ሦስታችንንም ያሳደገችው፣ ያስተማረችው በዚያ ነው። ደንበኞቿ ሸማኔዎች ነበሩ። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም ሸክማቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንድ ጣሳ ይጠጡ ነበር፤ ለእነሱ በከፈሉት ልክ አትቀዳም፣ ትጨምርላቸዋለች። የኔ ሥራ ጣሳ መስቀል ነበር። ጠላው ሲደርስ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቼ በር ላይ አቆማለሁ። ጣሳ ካለ ጠላ አለ፣ ጣሳ ከሌለ የለም። ሌላ ማስታወቂያ የለንም።

ትምህርት ቤት «የጠላ ሻጭ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ልብሴ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር መሰለኝ፣ ወይ እኔ ብቻ ነበርኩ የሚሸተኝ። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን በእግር እንጦጦ ማርያም ይዞን ሊወጣ ሆነ። መንገዱ በኛ በር ነው። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እናቴ ጓዳ እያለች ወጣሁና ጣሳዋን ከነእንጨቷ አወረድኩ። አልጋ ሥር ከተትኳት።

ልጆቹ እየዘፈኑ አለፉ። በመስኮቱ ቀዳዳ አየኋቸው። አንዳቸውም ቀና ብለው ቤቱን አላዩም።

ቅዳሜ ሸማኔዎቹ ነጠላና ጋቢያቸውን ሸጠው የሚመጡበት ቀን ነው። ሁለት ጋን ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ እንጨቱን እያጣ ያልፋል። የመጡት ሦስት አራት የቤት ደንበኞች ብቻ ናቸው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ጋኑን ከደነች፣ እንደገና ቁጭ አለች። እኔ አሞኛል ብዬ ተኝቻለሁ፤ ጣሳዋ ከሥሬ ናት።

ሲመሽ እንደ ልማዷ እንጨቱን ልታስገባ ወጣች። ቶሎ አልተመለሰችም። ስትገባ ምንም ሳትለኝ ጎንበስ አለችና ከአልጋው ሥር አወጣችው። ጣሳዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«ነፋስ ጥሎት ነው» አለች።

እራቴን አቀረበችልኝ። ማክሰኞ ጠላው ሆመጠጠ፣ ደፋነው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ይቅር በዪኝ ሳልላት፣ አንተ ሳትወለድ፣ በ1984 ዓ.ም. አረፈች።

ያን ቀን ባላርድ ውስጥ «ከጎረቤት ነው» ስል ጣሳዋን ሁለተኛ ጊዜ ማውረዴ ነው። ያውም ማንም ሳይሰድበኝ፣ ሰውዬው አክብሮ እየጠየቀኝ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ጠማቂው ጌሾ እንዴት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ነበር። ከዚያው የሀበሻ ሱቅ ገዝተህ ውሰድለት። ቅጠሉንና እንጨቱን ለየብቻ አድርገህ፤ ቅጠሉ ለጥንስሱ ነው፣ እንጨቱ ለድፍድፉ። ሻጋታ እንዳይኖረው አሽትተህ ግዛ። ከማን እንደተማርኩም አስተካክለህ ንገረው። ምን ያህል ልጨምር ካለህ በእፍኝ ነው በለው፤ አያትህ በሌላ ነገር ለክታ አታውቅም። እፍኟ ግን ትንሽ ነበረች፣ የእሱ እጅ ትልቅ ነው፣ ቀነስ ያድርግ።

እናትህ