የጂኦግራፊ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መንገድ

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ጥያቄ በኅዳር ወር ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዋሽንግተን አቅራቢያ የምትኖረው አክስቷ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ 13 ሰዓት ገደማ፣ ስትመለስ ግን 17 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅባት ነግራን፣ «መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?» አለች። እኔም መልሱን ከመንገር ይልቅ አባላቱ አስቀድመው ርቀቱን እንዲለኩ አደረግሁ።

የመጀመሪያው ልኬት የተሳሳተ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የመርኬተር ካርታ በማስመሪያ እንዲለኩ ስፈቅድ፣ ካርታው ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ርቀትን እንደሚለጥጥ አላስታወስኋቸውምና ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚል ውጤት ይዘው መጡ። በሚቀጥለው ሳምንት የመሃል ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሉል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ አንዱ የስፌት ክር ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲይዝ ሌላዋ ወጥራ እስከ ዋሽንግተን ሳበችው። ክሩ እንደጠበቅነው በቀጥታ ወደ ምዕራብ አልሄደም፤ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ በስፔንና በፖርቱጋል አልፎ አትላንቲክ ላይ ወጣ። ርዝመቱ ከ27 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያለፈ ሲሆን፣ በዚህ ሉል ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የ12ኛ ክፍል አባላት በኬክሮስና በኬንትሮስ አስልተው 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ስላገኙ ክሩ አላሳፈረንም።

በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ 13 ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ የመምጫው በረራም በዚሁ ልክ ይሄዳል። የመሄጃው ጭማሪ ምክንያት ግን በአብዛኛው የሚገኘው እዚሁ ቦሌ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝና አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ የሞተሩ ግፊትም የክንፉ አቅምም ይቀንሳል፤ ስለዚህ መንገደኛ የሞላ አውሮፕላን ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይቸግረዋል፤ ባለፉት ዓመታት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች አርፎ ይሞላ የነበረውም ለዚሁ ነው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ በከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይገታል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ሰዓቱ ነበር። በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆኑ፣ ማታ 4:30 ተነስቶ በእነሱ ጠዋት 1:30 የሚደርስን መንገደኛ አባላቱ 9 ሰዓት በረረ ብለው መዘገቡ፤ የ8 ሰዓቱ ልዩነት ሲደመርበት ግን 17 ይሆናል። ትኬት ላይ የሚጻፈው 22:30 ደግሞ የእኛ 4:30 መሆኑን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ስብሰባ ፈጅቶብኛል። ጠያቂያችን በሰኔ ወር ለአክስቷ ስልክ ደውላ ስሌታችንን በሙሉ አነበበችላት፤ ክሩም እስካሁን በፕላስተር እንደተለጠፈ ሉሉ ላይ አለ።