ወይኑ ቀጠነብን ላላችሁን ሁሉ፦ ስለ ቦዦሌ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በቅርቡ ከፈረንሳዩ ቦዦሌ ያስመጣነውን ቀይ ወይን ከገዛችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ነግራችሁናል። "ቀጠነብን" ብላችኋል። አንድ የቆዩ ደንበኛችን የተከፈተውን ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። "ልጆች፣ እውነቱን ንገሩኝ፤ ውሃ ገብቶበታል እንዴ?" አሉን። አልተቆጡም። ግን ቅር ብሏቸዋል።

ውሃ አልገባበትም። ጥፋቱ ግን የኛ ነው። ያንን ወይን ቦርዶ ከተባለው ሌላ የፈረንሳይ የወይን አገር ከመጡ ወፍራም ቀይ ወይኖች ጎን በአንድ መደርደሪያ ደረደርነው። ስለ ምንነቱም አንዲት ቃል ሳንነግራችሁ ሸጥንላችሁ። ወፍራም ጠብቆ ቀጭን ያገኘ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ያኔ መናገር የነበረብንን ዛሬ እንንገራችሁ።

ቦዦሌ ከሊዮን ከተማ በስተ ሰሜን ያለ የኮረብታ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ቦዦ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሊዮን በሮንና በሶን ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። የአገሩ ሰው ግን ወንዞቹ ሦስት ናቸው ይላል፤ ሦስተኛው የቦዦሌ ወይን ነው። በሊዮን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይህ ወይን ዛሬም 46 ሴንቲ ሊትር በምትይዝ፣ መቀመጫዋ በወፈረ ጠርሙስ ይቀርባል። ከምሳ ጋር ይጠጣል። ለማዕድ የተሠራ ወይን ነው።

ከፍሬው እንጀምር። በቦዦሌ የተተከለው ወይን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ስሙ ጋሜ ይባላል። በኛ አገር ዝዋይ አካባቢ የሚለሙት ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ ናቸው። አብዛኞቻችን የቀይ ወይንን ጣዕም የለመድነው በእነሱ ነው። የጋሜ ፍሬ ጠባዩ ሌላ ነው። ቶሎ ይበስላል፣ ብዙ ያፈራል፣ ጎምዘዝ ያለ ነው። አፍ የሚያደርቀው ታኒን ደግሞ አነስተኛ ነው። ታኒን ማለት ሻይ ከልኩ በላይ ሲፈላ ምላስን የሚይዘው ነገር ነው።

ይህ ፍሬ በታሪኩ ብዙ ተሰድቧል። እ.ኤ.አ. በ1395 በሐምሌ ወር የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ ጋሜ ከግዛቱ እንዲነቀል አዋጅ አወጣ። አዋጁ ተክሉን እጅግ መጥፎና ከሃዲ ይለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ገበሬው ብዙ ስለሚያፈራለት ጋሜን ይመርጥ ነበር። መስፍኑ ደግሞ ፒኖ ኗር የተባለው ዝነኛ ወይን ቦታውን እንዳያጣ ፈራ። የሚገርመው ግን ዘሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረገ የዘረመል ምርመራ ጋሜ የዚያው የፒኖ ልጅ መሆኑን አሳየ። ሌላው ወላጁ ጉዌ ብላን የሚባል ነጭ ወይን ነው። ዓለም የሚያከብረው ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ወይንም የእነዚሁ የሁለቱ ልጅ ነው። ስለዚህ ጋሜና ሻርዶኔ ወንድማማች ናቸው።

መስፍኑ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አንልም። ጋሜ ለም መሬት ላይ ሲተከል ከልኩ በላይ ያፈራል፤ ጣዕሙም ይሳሳል። ያን ጊዜ "ቀጠነ" ማለት ተገቢ ነው። በሰሜን ቦዦሌ ግን አፈሩ የግራናይት ነው። አሸዋማ፣ ደሃ፣ ውሃ የማይይዝ መሬት ነው። እዚያ ሐረጉ ይቆጠባል። ትንሽ ያፈራል፣ ያፈራውንም በደንብ ያበስላል። ገበሬውም እንደ ዋንጫ አጭር አድርጎ ይገርዘዋል። በደቡብ በኩል መሬቱ የሸክላና የኖራ ድንጋይ ነው። ቤቶቹ ራሳቸው የሚሠሩት ማር በመሰለ ወርቃማ ድንጋይ ነው። የዚያ ወይን ከሰሜኑ ቀለል ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ አጠማመቁ። በሌላ ቦታ ቀይ ወይን ሲጠመቅ ፍሬው ከዘለላው ይለያል፣ ይጨመቃል፣ ከልጣጩና ከዘሩ ጋር ሰንብቶ ይፈላል። በቦዦሌ የቆየው ልማድ ሌላ ነው። ዘለላው በእጅ ይለቀማል፤ ሳይጨመቅ እንዳለ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ከታች ያለው ፍሬ በላይኛው ክብደት ይፈርጣል። ጭማቂው ይፈስና መፍላት ይጀምራል። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ገንዳውን ይሞላዋል፤ አየሩን ያባርረዋል። አየር ያጣው ሙሉ ፍሬ ደግሞ ሳይፈነዳ በልጣጩ ውስጥ እንዳለ ራሱ መለወጥ ይጀምራል። ያለ እርሾ እስከ 2 በመቶ የሚደርስ አልኮል በውስጡ ይፈጠራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጨመቅና ቀሪውን እርሾው ይጨርሰዋል።

እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ያሸተታችሁት የእንጆሪና የቼሪ፣ አንዳንዴም የሙዝ ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። ሙዝ የጨመረበት ሰው የለም። ዘሩ አልተደቆሰም፣ ልጣጩም ለረጅም ጊዜ አልተዘፈዘፈም። ስለዚህ ምላስ የሚይዝ ነገር ብዙ አይወጣም። ቅጥነቱ ታስቦበትና ተለፍቶበት የመጣ ነው። ደንበኛችን ጠርሙሱን ይዘው ሲመጡ ይህን ልናስረዳቸው ይገባ ነበር። አንገታችንን ደፍተን ገንዘባቸውን መለስን። ዛሬም ይቆጨናል።

ስለ ገበሬዎቹም ጥቂት ማለት እንፈልጋለን። ይህን ወይን ለማስመጣት ስንወስን ልባችንን የነካው የእነሱ ታሪክ ነውና። በቦዦሌ መሬቱ የሌላ፣ ልፋቱ የገበሬው የሆነበት ሥርዓት ለዘመናት ኖሯል። ገበሬው ያለማል፣ ይገርዛል፣ ይለቅማል። ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እኩል ይካፈላል። እኛ የእኩል አራሽ የምንለው ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን ኑሮ ያውቁታል፤ ማብራሪያ አያሻውም። ሥርዓቱ እስከ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

አንድ ታሪክ ሳንነግራችሁ አናልፍም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አባጨጓሬ የቦዦሌን ወይን እየበላ ገበሬውን አደኸየው። በሮማኔሽ መንደር የሚኖር ቤንዋ ራክሌ የተባለ ሰው አንድ ነገር አስተዋለ። ቤቱ አጠገብ የነበረች አንዲት የወይን ሐረግ ምንም አልተነካችም። ከቤት የሚደፋው ትኩስ እጣቢ ሥሯ ላይ ይፈስ ነበር። ትሉ የብርዱን ወቅት የሚያሳልፈው በሐረጉ ቅርፊት ሥር ተደብቆ ነው፤ ሙቁ ውሃ እዚያው ይገድለዋል። ራክሌ በብርድ ወቅት ሐረጎቹን በፈላ ውሃ ማጠብ ጀመረ። ጎረቤቶቹ አበደ አሉት። እሱ ግን አላቆመም፤ ወይኑም ዳነ። በኋላ አገሩ በሙሉ ተከተለው። ገበሬዎች ማፍያ ወደ ማሳ እየወሰዱ፣ የቡና ማንቆርቆሪያ በመሰለ ዕቃ ሐረጉን አንድ በአንድ ያጠቡ ነበር። የሮማኔሽ ሰዎች እስከ ዛሬ በጥቅምት መጨረሻ በስሙ በዓል ያከብራሉ።

ያ አለፈና ሌላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ሻጋታ ወይኑን ሲያጠፋው በብሩዪ ተራራ አናት ላይ ለእመቤታችን የጸሎት ቤት ሠሩ። "የወይን ፍሬ እመቤታችን" ብለው ሰየሟት። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8፣ በኛ ጳጉሜን 3፣ ተራራውን ወጥተው ይሳለማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017ም ፍሌሪ በተባለው መንደርና በአካባቢው በረዶ ወርዶ ብዙ ምርት አጠፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ የዓመት ልፋት ሊወስድ ይችላል።

አሁን መደርደሪያችንን እናስተካክል። የቦዦሌ ወይን ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቦዦሌ ብቻ የሚል ነው። ሁለተኛው ቦዦሌ ቪላዥ ነው፤ ከ38 መንደሮች ይመጣል። ሦስተኛው ክሩ ይባላል። እነዚህ አሥር ናቸው፦ ሴንታሙር፣ ዡልዬና፣ ሼና፣ ሙላ ቫን፣ ፍሌሪ፣ ሺሩብል፣ ሞርጎን፣ ሬኚዬ፣ ብሩዪና ኮት ደ ብሩዪ። ሬኚዬ የመጨረሻዋ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው የተጨመረችው። ልብ በሉ፤ አሥሩ ጠርሙሳቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ስም ብቻ ነው የሚጽፉት። "ቦዦሌ" የሚል ቃል ላታገኙ ትችላላችሁ።

ወፍራም ለምትወዱ የኛ ምርጫ ሞርጎንና ሙላ ቫን ናቸው። ሙላ ቫን ስሙን ያገኘው ኮረብታው ላይ ካለው የድሮ የነፋስ ወፍጮ ነው። ጥሩ ዓመት ከሆነ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሞርጎንም ሲያረጅ ጠባዩን ይለውጣል፤ የአገሩ ሰዎች ለዚህ ለውጥ ከመንደሩ ስም የወጣ ግስ አላቸው፤ ወይኑ "ሞርጎነ" ይላሉ። ቀለል ያለና አበባ አበባ የሚሸት ከፈለጋችሁ ፍሌሪን ወይም ሺሩብልን ውሰዱ።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁን ቦዦሌ ኑቮም አለ። አዲሱ ቦዦሌ ማለት ነው። የዚያው ዓመት ፍሬ ተለቅሞ፣ ተጠምቆ፣ በኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ፣ በኛ ኅዳር መጀመሪያ፣ ለገበያ ይወጣል። ቀደም ብሎ መሸጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ሦስተኛው ሐሙስ የተባለው ደግሞ በ1985። በዋዜማው ቦዦ ከተማ ውስጥ የወይን ቅርንጫፍ ችቦ ተለኩሶ በእኩለ ሌሊት በርሜል ይከፈታል። ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው ደስታው ይገባዋል። ኑቮ ጉሽ አይደለም፤ የጠራ ነው። ግን የልጅነት ጣዕሙ ገና አለቀቀውም። ትኩስነቱ ሳያልፍ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ መጠጣት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት ኑቮን በመርከብ አስመጣን። ባሕሩ አለ፣ የጅቡቲ ሙቀት አለ፣ ጉምሩክ አለ። እናንተ እጅ ሲገባ ትኩስነቱ አልፎበት ነበር። ከእንግዲህ ኑቮን በመርከብ አናስመጣም። በአውሮፕላን ማምጣት ዋጋውን ከልክ በላይ ስለሚያንረው ለጊዜው ትተነዋል። በምትኩ ጉዞውን የሚችሉትን የክሩ ወይኖች ላይ እናተኩራለን።

አጠጣጡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። አቀዝቅዙት። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ይበቃዋል። ከምግቡ በፊት 40 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሞቅ ካለ ጎምዛዛነቱ ይደበዝዛል፣ አልኮሉ ብቻ ጎልቶ ይቀራል። ከምን ጋር ለምትሉ፣ ከዶሮ ወጥ ጋር ሞክሩት። ታኒንና ብዙ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሱታል። ጋሜ ሁለቱም ስለማይበዙበት ወጡን አይጣላውም። በኛ ቤት ከሽሮ ጋርም ተወዷል።

ጠርሙሱን አልወደድነውም ያላችሁ ሁሉ ደረሰኝ ባይኖራችሁም ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሱቃችን ብቅ በሉ። አንድ ቪላዥ፣ አንድ ፍሌሪና አንድ ሞርጎን ቀዝቅዘው ይጠብቋችኋል። ጎን ለጎን ቅመሷቸው፣ አይከፈልበትም። ከዚያ በኋላም ቀጭን ነው ካላችሁ ገንዘባችሁን እንመልሳለን፤ ወይም በሌላ ወይን እንቀይርላችኋለን። ጠርሙሱን ይዘው የመጡት ደንበኛችንም እንዲመጡ ደውለንላቸዋል። እመጣለሁ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች
አዲስ አበባ