«በዚህ ዕድሜ ቢላ አይንካቸው» ለምትሉ ቤተሰቦች

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ናችሁ። ሰሞኑን የጤና ገጻችሁ ላይ ስለ አጥንት መሳሳት የወጣውን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው፣ ግን ከተሰበረ በኋላ ያለውን ሳትነኩት አለፋችሁ፣ እኔ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ የማየው እሱኑ ነው።

ሰማንያ ያለፋቸው እናት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ዳሌያቸው ሲሰበር የቤተሰቡ የመጀመሪያ ቃል «በዚህ ዕድሜ ቢላ አይንካቸው፣ ማደንዘዣውን አይችሉትም» ነው። ከዛ ወይ ወጌሻ ይጠራል ወይ «ባሉበት ይረፉ» ይባላል፣ አንዳንዴም ውሳኔው አሜሪካ ያለችው ልጅ ከእንቅልፏ እስክትነሳ ይጠበቃል። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ቀላል ስብራት አይደለም፣ ሀብታም አገር እንኳን ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸውም ከ100 ሰው ከ20 እስከ 30 የሚሆነው በዓመት ውስጥ ያርፋል፣ ዘጠና ካለፉ ደግሞ ይብሳል። ግን ሳይነሱ ሲተኙ የሚመጣውን ማንም አይነግራቸውም፦ ሳንባ ምች ይይዛል፣ እግር ላይ ደም ይረጋል፣ መቀመጫና ተረከዝ ይቆስላል፣ ህመሙ አላስገላብጥ ስለሚላቸው ምግብም እየተዉ ይሄዳሉ። ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው እኮ ህመሙ ታግሶ በማግስቱ ከአልጋ እንዲነሱ ነው።

ዕድሜ አያሰጋም አላልኩም፣ ግን ብዙ አዛውንት ዕድሜያቸው ራሱ «በጣሊያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ» እየተባለ የሚገመት ነው። እኔ የምጠይቀው ከመውደቃቸው በፊት ብቻቸውን ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ ደርሰው ይመለሱ ነበር ወይ የሚለውን ነው፣ እሱ ብዙ ይነግረኛል። ከዛ የልብ ድካም፣ ኩላሊት፣ የመርሳት በሽታ፣ ሆስፒታል ሲገቡ የነበረ ደም ማነስና መክሳት አለ ወይ እላለሁ። ደግሞ ዳሌያቸው የሚሰበረው በብዛት ሴቶች ናቸው፣ ከተሰበረ በኋላ የመሞት ዕድሉ ከፍ የሚለው ግን ወንዶቹ ላይ ነው፣ «አባዬ ጠንካራ ነው» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ከኦፕራሲዮን በኋላ መቃዠት ከጀመሩም «ማደንዘዣው ጭንቅላታቸውን ነካው» ብላችሁ አትለፉት፣ ኢንፌክሽን ወይ ህመም ወይ የሰውነት ውሃ ማነስ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ፣ መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይሁን።

ሌላው መዘግየቱ ነው። ደም ፈልጉ፣ የልብ ምርመራ ወረፋ ጠብቁ፣ አጥንቱን የሚይዘውን ብረት ከውጭ ግዙ ሲባል ሳምንት ያልፋል፣ ይሄ የቤተሰብ ጥፋት አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የዳሌ ስብራትን እየመዘገቡ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ለሚሰራ ሆስፒታል ተጨማሪ እየከፈሉ፣ የአዛውንት ሐኪም አብሮ እንዲያይ አድርገው በ30 ቀን ውስጥ የሚሞተውን ከ100 ሰው 11 ገደማ ከነበረበት ወደ 6 እና 7 አወረዱት። በ2020 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የ17 አገር ጥናት ደግሞ በ6 ሰዓት መሰራትና በ24 ሰዓት መሰራት በሞት ቁጥር ላይ ብዙ ለውጥ እንደሌለው አሳይቷል፣ ስለዚህ በየሰዓቱ መደናገጥ የለባችሁም፣ እኛ ጋ የሚያሳስበው ቀናቱ ሲደራረቡ ነው።

ምግብ ነገር ላይ ከብዙ እናቶች ጋር እጣላለሁ። ጾም ነው ብለው እንቁላልም ወተትም እምቢ ይላሉ፣ ቁስሉ የሚድነው ደግሞ በፕሮቲን ነው። የኔ መላ ቤተሰቡ የንስሐ አባታቸውን ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ሲሏቸው ይሰማሉ፣ እኔን ግን ማን ሰምቶኝ። በቃ ካሉም ሽሮና ምስር ሳይሳሳላቸው ቶሎ ቶሎ ይቅረብ።

አንድ የአጥንት ሐኪምና አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ጋብዛችሁ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አዛውንት ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለባቸውና ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ ለማን እንደሚሆን ብትጠይቁልን ደስ ይለኛል፣ ቤተሰብ ሁሌ የሚጠይቀኝ እነዚህን ሁለቱን ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ