በትልቁ የኤክሴል ፋይላችን ውስጥ ሺት ቶሎ ስለማግኘት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የጋራ ፋይላችን አሁን ከ40 በላይ ሺቶች አሉት። አንዳንዶቻችሁ የምትፈልጉትን ሺት ለማግኘት ከታች ያለችውን ቀስት ደጋግማችሁ ስትጫኑ አይቻለሁ፤ የሚባክነው ጊዜያችሁ ያሳስበኛል።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። ከታች በግራ ጥግ፣ ከሺቶቹ ስም በፊት ባሉት ቀስቶች ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጫኑ። የሁሉም ሺቶች ስም የተደረደረበት ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ የፈለጋችሁትን ስም ሁለት ጊዜ ጠቅ ስታደርጉ በቀጥታ እዚያው ይወስዳችኋል። የተደበቀ ሺት ግን በዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ያጣችሁት ሺት ካለ፣ ጠፍቷል ብላችሁ አዲስ ከመክፈታችሁ በፊት እባካችሁ የአንዱን ሺት ስም በቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «አንሃይድ» (Unhide፣ የተደበቀን ሺት መልሶ የሚያሳይ) የሚለውን እዩ። ባለፈው አንድ ሠንጠረዥ ሁለት ቦታ ተሞልቶ ያገኘነው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ጎን ለጎን ላሉ ሺቶች ኮንትሮልን ይዛችሁ ፔጅ ዳውን ወይም ፔጅ አፕ መጫን ይበቃል።

ስም ስትሰጡም የሚለየውን ቃል አስቀድሙ። ኤክሴል እስከ 31 ፊደል ይቀበላል፤ ሁሉም «ሪፖርት» ብሎ ከጀመረ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ከሌላው መለየት ዓይን ያደክማል። የየራሳችሁን ሺቶች ስም በዚህ መንገድ እስከ ዓርብ አስተካክሉልኝ።