የፊልም ትምህርት በፊልም ይመዘን፤ ለትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

በዩኒቨርሲቲ የፊልም ኤዲቲንግ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጆቻቸውን ለፊልም ትምህርት የሚልኩ ወላጆችም፣ ትምህርቱን የመረጡ ወጣቶችም ሊያውቁት ይገባል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የፊልም ትምህርት ክፍሎች የሚፈቀዱበትና የሚመዘኑበት መስፈርት፣ ፊልም በእውነት እንዴት እንደሚማሩት ታይቶ እንደገና ይጻፍ።

አሁን የምንሠራበት መስፈርት የተቀረጸው መምህር ቆሞ ለሚናገርበት፣ ተማሪ ተቀምጦ ለሚጽፍበት ትምህርት ነው። የሚቆጥረው የክሬዲት ሰዓት፣ የመምህራን የትምህርት ማዕረግ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ብዛትና የጽሑፍ ፈተና ነው። በዚህ መስፈርት አንድ ወጣት አንድም የራሱን ፊልም ሳይጨርስ፣ አንድም ታላቅ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ሳያይ በማዕረግ ሊመረቅ ይችላል። እንዲህ ሆነው የተመረቁ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ስለ ሞንታዥ፣ ማለትም ምስሎችን አጋጥሞ ትርጉም ስለመፍጠር፣ አሥር ገጽ ይጽፋሉ፤ ሁለት ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸውን ሁለት ምስሎች) አጋጥሙ ሲባሉ ግን ከየት መቁረጥ እንዳለባቸው ግራ ይገባቸዋል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ስለ ፊልም ትምህርት ሲነሳ ንግግሩ ወዲያው ካሜራ ላይ ያርፋል። ስንት ካሜራ አለ? ምን ዓይነት ነው? ገምጋሚዎች ሲመጡም መጀመሪያ የሚያዩት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ነው። ዕቃ አያስፈልግም አልልም፤ ሃያ ተማሪ አንድ ካሜራ ተራ ሲጠብቅ ማየት ያሳምማል። ነገር ግን በዓለም የመጀመሪያው የፊልም ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ፊልም ሳይኖረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ሞስኮ ውስጥ ሲቋቋም አገሩ በእርስ በእርስ ጦርነት ላይ ነበር፤ ምስል የሚቀረጽበት ጥሬ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ ፊልም የሌለበት ፊልም ያሠራቸው ጀመር። ታሪኩን በሾት ይከፋፍሉታል፣ እያንዳንዱን ሾት በመድረክ ላይ ይጫወቱታል፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየሩ ምን እንደሚለወጥ ያያሉ።

ከዚያው ዘመን የሚነገረውን የኩሌሾቭን ሙከራ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል። የአንድን ተዋናይ ስሜት የማይነበብበት ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አያያዘው። ተመልካቹም ያንኑ ፊት ሲራብ፣ ሲያዝንና ሲመኝ አየው ይባላል። ይህንን ለተማሪ በቃል መንገር አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ራሱ ሞክሮ እንዲያገኘው ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። የጓደኛውን ፊት በስልኩ ይቅረጽ፣ ሦስት የተለያዩ ምስሎች ያምጣ፣ ያያይዝ፣ ለማያውቁት ሰዎች ያሳይ፤ ከዚያ ለምን አንዱ እንደሠራ፣ ሌላው እንዳልሠራ እንከራከር። ይህ ብርቅ ካሜራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ተማሪዎች የሚቀመጡበት ክፍል፣ በደወል የማይቋረጥ ግማሽ ቀንና ውጤቱን አይቶ የሚናገር መምህር ነው። የእኛ መስፈርት ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይጠይቅም።

ለምን ግማሽ ቀን እንደምል በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲነጋገሩ የሚያሳይ ትዕይንት ተቀረጸ እንበል። ቀረጻው ሲያበቃ የበሰለ የድምፅ ባለሙያ ሁሉም ባለበት ጸጥ እንዲል ይጠይቅና ለሠላሳ ሰከንድ ወይም ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም የማይባልበትን ክፍል ይቀርጻል። ለጀማሪ ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው፤ በመስኮት የሚገባው የሩቅ መንገድ ድምፅ፣ የመብራቱ ጥዝጥዝታ፣ ከግድግዳው የሚመለሰው ማሚቶ። ኤዲተሩ የተዋናዩን ሳል ወይም የወንበሩን ሲጥታ ቆርጦ ሲያወጣ ክፍተቱን የሚሞላው በዚያ ዝምታ ነው። ያ ካልተቀረጸ ድምፁ በየመቁረጫው ላይ ድርግም ይላል። ተመልካቹ የጎደለውን ነገር ስም ባያውቅም ከታሪኩ ይወጣል።

ይህ በየትኛውም የድምፅ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ተጽፎ ይገኛል። ተማሪዎቼ ለፈተና ያጠኑታል፣ በትክክልም ይመልሱታል። ቀረጻ ሲወጡ ግን ይረሱታል። የሚገባቸው የራሳቸውን ትዕይንት ኮምፒውተር ላይ ዘርግተው፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ያ ቀዳዳ ሲመጣ በገዛ ጆሯቸው የሰሙት ቀን ነው። አንዷ ተማሪዬ ይህን ከሰማች በኋላ ተዋንያኑን ይቅርታ ጠይቃ መልሳ ወደዚያው ክፍል ሄደች፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስኮት ዝምታውን ቀርጻ ተመለሰች። ለእኔ ያን ቀን የድምፅ ትምህርት ፈተናዋን አልፋለች። መዝገብ ላይ ግን ይህን የምጽፍበት ቦታ የለም፤ የተግባር ሰዓት ከንግግር ሰዓት ያነሰ ክብደት አለው፣ ውጤቱም በወረቀት ፈተና ይወሰናል።

ክቡር ሚኒስትር፣ ይህን ስል ንድፈ ሐሳብ ይቅር ማለቴ እንዳይመስልዎ። ፊልምን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመማር ትልቁ ጥቅም፣ አንድ ወጣት ብቻውን የማያገኛቸውን ፊልሞች ከሌሎች ጋር ማየቱና ስላየው ነገር አስቦ መናገር መልመዱ ነው። በፖላንድ ሎድዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የፊልም ትምህርት ቤት ታዋቂዎቹን ዳይሬክተሮች አንጄይ ቫይዳን፣ ሮማን ፖላንስኪንና ክሽሽቶፍ ኪሽሎቭስኪን አፍርቷል። ስለዚያ ትምህርት ቤት ሲወራ በተደጋጋሚ የሚነሳው ተማሪዎች ተቀምጠው የሚከራከሩበት የእንጨት ደረጃው ነው። ለሕዝብ የማይታዩ የውጭ ፊልሞችን ጭምር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያዩ ነበር፤ ያዩትንም እዚያ ደረጃ ላይ ሲበልቱት ያመሹ ነበር። ቫይዳንና ኪሽሎቭስኪን የሚያህሉ የማይመሳሰሉ ሰዎች ከአንድ ቤት የወጡት ሁሉም አንድ ዓይነት ማስታወሻ ስለገለበጡ አይመስለኝም።

እኛ ጋ ፊልም ማየት እንደ መዝናኛ ይቆጠራል። በጊዜ ሰሌዳው ላይ ለፊልም ማሳያ ሰዓት ሲጠየቅ፣ "ቤታቸው አይተው ይምጡ" የሚል መልስ ይሰጣል። ተማሪው ቤቱ የሚያየው በስልክ ነው፤ እየቆመና እየቀጠለ፣ መልእክት እየመለሰ። አንድ ዳይሬክተር አንድን ሾት ለሁለት ደቂቃ ሳይቆርጥ የተወው ለምን እንደሆነ እንደዚያ እየታየ አይገባም፤ ጣት ወዲያው ወደፊት ያሳልፈዋል። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ፊልም በጋራ ማየትና ከዚያው ሳይነሱ መወያየት በትምህርት ሰዓትነት ይመዝገብልን። የሚጠይቀው አዳራሽ፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያና ፕሮጀክተር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለስብሰባ የገዙት አብዛኛውን ጊዜ አለ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመምህራን ጉዳይ ነው። በመስፈርቱ መሠረት ኮርስ መምራት የሚችለው የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ያለው ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ካሜራ የያዘ፣ ብርሃንን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ባለሙያ ለአንድ ቀን "እንግዳ" ሆኖ ይመጣል፤ ተጨብጭቦለት ይሄዳል። ተማሪውን በስሙ ሳያውቀው፣ የመጀመሪያ ሥራውን አይቶ ከሁለተኛው ጋር ሳያነጻጽር ምን ሊያስተምር ይችላል?

ኩባ ውስጥ በሳን አንቶኒዮ ዴ ሎስ ባኞስ እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተውን ዓለም አቀፍ የፊልምና የቴሌቪዥን ትምህርት ቤት ይመልከቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ደራሲው ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬስ ነው። የኖቤል ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ይህ ሰው የጀመረውን የሕግ ትምህርት አልጨረሰም፤ ተምሮ ያገኘው ዲግሪ አልነበረውም። እዚያ ትምህርት ቤት ግን ከወጣቶች ጋር ጠረጴዛ ከብቦ ታሪክ እንዴት እንደሚዋቀር የስክሪፕት ዎርክሾፕ ይመራ ነበር። ትምህርት ቤቱ እስካሁንም የሚታወቀው በሥራ ላይ ያሉ የፊልም ባለሙያዎችን እየጋበዘ በማስተማሩ ነው። በሕንድ ፑኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 መንግሥት የአንድ የቀድሞ ስቱዲዮን ግቢ ወስዶ የፊልም ትምህርት ቤት አደረገው። ዳይሬክተሩ ሪትዊክ ጋታክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያ ያስተማረው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ማኒ ካውልና ኩማር ሻሃኒ የእሱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የአገራቸውን ሲኒማ ወደ አዲስ መንገድ ወስደውታል። በእኛ መስፈርት ጋርሲያ ማርኬስ ረዳት መምህር ሆኖ እንኳ ሊቀጠር አይችልም።

ማንም ካሜራ የያዘ ሰው መምህር ይሁን እያልኩ አይደለም። መሥራት የሚችል ሁሉ ማስተማር አይችልም፤ ይህን በሥራ ባልደረቦቼም አይቻለሁ። የሠራቸው ፊልሞች ከዲግሪ ጋር እኩል የሚገመገሙበት፣ ባለሙያው አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከአንድ የአካዳሚ መምህር ጋር ተጣምሮ የሚያስተምርበት መንገድ ይከፈት። ጥናት የሚያውቀውና እጁ የሠለጠነው በአንድ ክፍል ሲቆሙ የሚጠቀመው ተማሪው ነው።

ስለ መመረቂያ ሥራም ጥቂት ልበል። ቻርልስ በርኔት የተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ በዚያው ዘመን ኃይሌ ገሪማና ጁሊ ዳሽም እዚያ ተምረዋል። በርኔት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለማስተርስ መመረቂያው በጥቁርና ነጭ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ። ይህ ሁሉ ክብር እያለው ግን እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ በሲኒማ ቤቶች በሰፊው ሊታይ አልቻለም፤ ምክንያቱ በፊልሙ ውስጥ ለተጠቀመባቸው ዘፈኖች የመብት ክፍያ አለመፈጸሙ ነበር። የተረፈውም የዩኒቨርሲቲው የፊልም ቤተ መዛግብት ቅጂውን ጠግኖ ስላቆየው ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመስፈርታችን ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ የቅጂ መብት ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መሰጠት አለበት። ተማሪዎቻችን የወደዱትን ዘፈን ከኢንተርኔት አውርደው ፊልማቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ ፊልሙ ለፌስቲቫል ሲመረጥ ነው ችግሩ የሚገለጠው። ሁለተኛው ደግሞ የመመረቂያ ፊልም እንደ መመረቂያ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት ተመዝግቦ ይቀመጥ የሚለው ነው። ዛሬ የጽሑፍ ሥራ ሁሉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ፊልሙ ግን በተማሪው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ ይበላሻል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ነገር ይጻፍበታል። ከጥቂት ዓመት በፊት የተመረቀ ልጅ ሥራውን ለማስታወቂያ ፈልጎ ሊያገኘው ሳይችል ወደ እኔ ሲመጣ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። ቢያንስ ሁለት ቅጂ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥና በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ማከማቻ ማዛወር ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ከባድ ሥራ አይደለም።

"ተመርቀው ሥራ የት ያገኛሉ?" የሚለው ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሁሉም ዳይሬክተር አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኤዲተር ይፈልጋሉ፣ ሙዚየሞች የምስል ቅርስ ጠባቂ ያጣሉ፣ የጤናና የግብርና መሥሪያ ቤቶች ዘጋቢ ፊልም ያሠራሉ። በድምፅ ሙያ በቅጡ የሠለጠነ ሰው ደግሞ በየቦታው እጥረት ነው። ፊልም በኢንተርኔት ይማሩታል የሚሉም አሉ። የመሣሪያ አጠቃቀም በእርግጥ ይማሩታል። ሥራህን አይቶ "ይህ ትዕይንት የአንተ አይደለም፣ ከሌላ ሰው የወሰድከው ነው፤ አንተ ያየኸውን አምጣ" የሚል ሰው ግን በኢንተርኔት አይገኝም።

የጠየቅኳቸው ብዙዎቹ ተጨማሪ በጀት አይፈልጉም። የተግባር ሰዓት ከንግግር ሰዓት ጋር እኩል መቁጠር፣ የአንድ የተግባር ክፍል ተማሪዎችን ቁጥር መገደብ፣ ለባለሙያ መምህራን የተለየ የቅጥር መንገድ መክፈት፣ የተጠናቀቀ ፊልም የመመረቂያ ግዴታ እንዲሆን ማድረግ፤ እነዚህ በደብዳቤ የሚወሰኑ ናቸው። የአዳራሽና የማከማቻው ወጪ ከካሜራ ግዢው ተቀንሶ ሊሸፈን ይችላል።

መስፈርቱን የሚያሻሽል ኮሚቴ ሲቋቋም ከመምህራን በተጨማሪ በቅርብ የተመረቁ ሁለትና ሦስት ወጣቶች እንዲቀመጡበት እጠይቃለሁ፤ ምን እንደጎደላቸው ከእኔ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ኮሚቴው ሥራ ከመጀመሩ በፊትም አባላቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቻችንን ፊልሞች፣ ያማሩትንም የተበላሹትንም፣ አብረውን እንዲያዩ ክፍሌን እከፍታለሁ። ቀኑን እርስዎ ይወስኑ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የፊልም ኤዲቲንግ መምህር