የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ባትሪ ቆጣቢ ገመድ አልባ ኔትወርክ

ክበባችን ዘንድሮ ትኩረቱን በአንድ ጉዳይ ላይ አድርጎ ቆይቷል፤ ይኸውም ራውተርም ሆነ ማማ ሳያስፈልጋቸው፣ መሣሪያዎች መልእክት እየተቀባበሉ በራሳቸው የሚመሠርቱት አድ ሆክ ኔትወርክ ባትሪ እንዲቆጥብ ማድረግ ነው። ጉዳዩ ለተማሪ ይከብዳል የሚል አስተያየት ከባልደረቦቻችን ሳይቀር ደርሶናል፤ የተማሪዎቹ ሥራ ግን ሌላ ይመሰክራል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በምዝገባ፣ በፕሮግራም አጻጻፍና በብየዳ ልምምድ አለፈ። ቁም ነገሩ የተገኘው ኢኤስፒ32 የተባሉትን፣ ሬዲዮ ያላቸውን አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ኋላ በር በሜዳው ዳር ደርድረን፣ የሙቀት መጠን እየለኩ እንዲያስተላልፉ ባደረግንበት ቅዳሜ ነው። ሁሉም ሙሉ ባትሪ ይዘው ቢጀምሩም የመካከለኛው ቀድሞ ጠፋ። በስብሰባ ላይ እምብዛም የማትናገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከጠፋው ሰሌዳ አጠገብ ቁጭ ብላ ደብተሯን ስታገላብጥ ቆየችና፣ «የሁሉንም መልእክት የሚሸከመው እሱ ብቻ ነው፤ ለምን ተራ አይገቡም?» አለች። ሥራን በየተራ ማዘዋወር እ.ኤ.አ. በ2000 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሊች በተባለው ፕሮቶኮላቸው (የመልእክት መለዋወጫ ደንባቸው) ያቀረቡት ሐሳብ መሆኑን ስነግራት፣ መልስ ሳትሰጠኝ ትርፉን ሰሌዳ አንሥታ ከጠፋው ጎን ተከለችው። በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቅዳሜ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰሌዳዎች እየተፈራረቁ እንዲተኙ ፕሮግራም ጻፍን። የዚህ ሰሌዳ ሬዲዮ ምንም ሳይልክ መልእክት ሲጠባበቅ ብቻ ወደ 100 ሚሊአምፒር ሲወስድ፣ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ግን ቺፑ የሚፈልገው 10 ማይክሮአምፒር ገደማ በመሆኑ፣ ትልቁ ብክነት ከመላኩ ይልቅ በከንቱ ነቅቶ መጠበቁ ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ የሰሌዳዎቹ ሰዓት እየተዛነፈ አንዱ ሲነቃ ሌላው ተኝቶ የጠፉ መልእክቶች ነበሩ፤ ይህ ገና አልተፈታም።

ያተረፍነውን ኃይል በትክክል ለመናገር አለመቻላችን ግን የተማሪዎቹ ድክመት አይደለም። ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ በውሰት የምናገኘው መልቲሜትር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚለዋወጥን የኤሌክትሪክ ፍሰት ተከትሎ መመዝገብ አይችልም። ማልያ በየዓመቱ በሚታደስበት ግቢ አንድ የፍሰት መመዝገቢያ መሣሪያና ዳግም የሚሞሉ ባትሪዎች መጠየቅ የበዛ አይመስለኝም፤ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች መርዳት ብትፈልጉ፣ ዘወትር ዐርብ ከትምህርት በኋላ በኮምፒውተር ክፍል ታገኙናላችሁ።