ልጄ ምን ይማር? ግልጽ ደብዳቤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

ለተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ አንድ ሆኗል፤ ልጁ ምን ይማር?

እኔ ባለዲግሪ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከ10ኛ ክፍል አቋርጦ ሴራሚክ ያነጥፋል። ልጄ የሚያየው የአጎቱን ኪስ ነው። አልፈርድበትም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የባለዲግሪ መነሻ የመንግሥት ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ወንድሜ ግን ሥራ በሞቀበት ወር ይህን ገንዘብ በሁለት ሳምንት ይጨብጠዋል።

ሥራው ደግሞ ሁሌ አይሞቅም። ግንባታ ሲቆም እሱም ቤቱ ይውላል። በ43 ዓመቱ ጉልበቱን ያመዋል፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ምን ይሁን? ከእኔ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪዬ 11 በመቶ ይጨምርበታል። 60 ሲሞላኝ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዜ ተይዞ ጡረታዬ ይሰላል። ለእሱ የሚቆርጥለት የለም። ከልጅነት እስከ እርጅና ቢደመር ማናችን እንደምንበልጥ እኔ ሒሳብ ሠራተኛው እንኳ ማስላት አቅቶኛል። እሱ ቤት ሠርቷል፣ እኔ ዛሬም ተከራይ ነኝ። ይህንንም ልጄ ያውቃል።

በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት «ሙያ ተማሩ» እንላቸዋለን። እሺ፣ የትኛውን? ኤሌክትሪክ የተማረ ልጅ ሥራ በጀመረ በ10ኛ ዓመቱ ስንት ያገኛል? ነርሷስ? የማኔጅመንት ምሩቁስ ሥራ በጀመረ በ20ኛ ዓመቱ የት ይደርሳል?

መረጃ የለም እንዳትሉን። ጡረታ የሚቆረጥለት ሠራተኛ ደመወዙ በጡረታ መሥሪያ ቤቶች ይታወቃል። የማንም ስም ሳይወጣ፣ ከነሱ ጋር ተነጋግራችሁ በሙያና በትምህርት ደረጃ ለዩልን። እንደ ወንድሜ ከመዝገብ ውጭ ያሉትን ደግሞ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሳይት ላይ ናቸው። ገቢያቸውን ብቻ ሳይሆን በዓመት ስንት ወር ሥራ እንደሚያጡ፣ በስንት ዓመታቸው ሥራውን እንደሚተዉም ጠይቁልን።

ልጆቹ የትምህርት ምርጫቸውን ከመሙላታቸው በፊት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይበቃናል። በቴሌግራም ብትለቁትም ግድ የለም፣ አትመን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ